ጭሱ ምን ይናገራል? የአሮጌ ናፍታ ፒክ አፕ መንቀጥቀጥና የምርመራው ዘዴ

በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ብዙ ዘመን ያስቆጠሩ ፒክ አፕ መኪናዎች ዛሬም ከሥራ አልወጡም። እህል ወደ ገበያ፣ መጻሕፍት ወደ ትምህርት ቤት፣ በሽተኛ ወደ ጤና ጣቢያ የሚደርሰው ብዙ ጊዜ በእነዚሁ መኪናዎች ነው። ዕድሜያቸው ሃያና ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ ግን ሁለት ምልክቶች ደጋግመው ይታዩባቸዋል። አንደኛው መኪናው ቆሞ ሳለ ሞተሩ መንቀጥቀጡ ነው፤ ሁለተኛው ከጭስ መውጫው ነጭ፣ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጭስ መውጣቱ ነው።

እነዚህ ምልክቶች ሲታዩ ከብዙ ሰው አፍ ቶሎ የሚወጣው ቃል «ሞተሩ አልቋል» የሚል ነው። ከዚያም ሞተሩ ይወርዳል፤ ፒስተኑና ፋሻው ይለወጣል፤ ለመኪናው ባለቤት የዓመት ቁጠባ የሆነ ገንዘብ ይወጣል። ሥራው ካለቀ በኋላ ግን ሞተሩ እንደ ቀድሞው ሲንቀጠቀጥ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ምክንያቱም ጥፋቱ የነበረው ከአንድ ኖዝል ወይም አየር ከሚስብ አንድ የናፍታ ቱቦ ላይ ነበርና ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሞተር ከመውረዱ በፊት በጥቂት መሣሪያ ሊደረግ የሚችለውን ምርመራ በቅደም ተከተል መግለጽ ነው። ዘዴው በሳይንስ ክፍል ከምናስተምረው የተለየ አይደለም፦ መመልከት፣ ግምት መያዝ፣ ግምቱን በአንድ ሙከራ መፈተን፣ ከዚያ በኋላ መፍረድ።

ሞተሩ እንዴት ይሠራል?

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን አንድ የታወቀ ሞተር በምሳሌነት እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በቶዮታ ሃይሉክስ ፒክ አፕ ላይ ይገጠም የነበረው «2ኤል» የተባለው የናፍታ ሞተር አራት ሲሊንደሮች አሉት። የእያንዳንዱ ሲሊንደር የውስጥ ስፋት 92 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑም ጉዞ 92 ሚሊ ሜትር ነው። ተማሪዎች የሲሊንደርን ይዘት መፈለጊያ ቀመር ተጠቅመው ቢያሰሉት ለአንዱ ሲሊንደር 612 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያህል፣ ለአራቱ በድምሩ 2,446 ሴንቲ ሜትር ኩብ ያገኛሉ። ሞተሩ «ባለ 2.4 ሊትር» መባሉ ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ ሞተር ተርቦ የለውም፤ ስለዚህ የሚተነፍሰው አየር ባለበት አካባቢ የሚያገኘውን ብቻ ነው።

የናፍታ ሞተር እንደ ቤንዚን ሞተር የእሳት ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በሚሠራ ሞተር ያረጋገጠው ሐሳብ ይህ ነው፦ አየር በኃይል ሲጨመቅ ይግላል፤ በጋለው አየር ውስጥ ናፍታ ሲረጭ ያለ ሌላ እሳት ይቀጣጠላል። በምሳሌው ሞተር ውስጥ ፒስተኑ አየሩን ከመጀመሪያው ይዘት ወደ 22ኛ እጁ ገደማ ይጨምቀዋል። የአየሩም ሙቀት ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። በዚያው ቅጽበት ፓምፑ ናፍታውን ከ100 ባር በሚበልጥ ግፊት ወደ ኖዝሉ ይልካል፤ ኖዝሉም ናፍታውን እንደ ጉም አድርጎ ይረጨዋል።

እንግዲህ ለጥሩ ቃጠሎ አራት ነገሮች መሟላት አለባቸው፦ በቂ አየር፣ በቂ ሙቀት፣ በልክና በደቃቁ የተረጨ ናፍታ፣ ናፍታው የሚረጭበት ትክክለኛ ጊዜ። ከአራቱ አንዱ ሲጓደል ጭስ ይወጣል። ያልተፈለገ ነገር፣ ማለትም የሞተር ዘይት ወይም የራዲያተር ውሃ፣ ወደ ሲሊንደር ሲገባ ደግሞ ጭሱ ሌላ መልክ ይይዛል። የጭስን ቀለም ማንበብ የሚቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ነጭ ጭስ

በመጀመሪያ ጤነኛውን ከበሽተኛው መለየት ያስፈልጋል። በናፍታ ውስጥ ሃይድሮጅን ስላለ አንድ ኪሎ ግራም ናፍታ ሲቃጠል 1.2 ኪሎ ግራም ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። በብርዳማ ጠዋት ይህ እንፋሎት ከጭስ መውጫው ሲወጣ ቀዝቅዞ እንደ ነጭ ጉም ይታያል። ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋና ሽታ የሌለው ከሆነ የሚያሳስብ አይደለም።

ዓይን የሚያቃጥልና ጥሬ ናፍታ ናፍታ የሚሸት ነጭ ጭስ ግን ናፍታው ሳይቃጠል መውጣቱን ያመለክታል። ይኸውም ሙቀቱ አልበቃም ወይም ጊዜው ዘግይቷል ማለት ነው። ጠዋት ብቻ ታይቶ ከደቂቃዎች በኋላ ከሞተሩ መንቀጥቀጥ ጋር አብሮ የሚጠፋ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ማሞቂያ ካንዴላ ነው። ይህ መሣሪያ ሞተሩ ሲነሣ የቃጠሎውን ክፍል ያሞቃል እንጂ ብልጭታ አይሰጥም። ለመፈተን የካንዴላዎቹ የኤሌክትሪክ ማገናኛ ከላያቸው ይነሣል። ከባትሪው ፖዘቲቭ የተሳበ ሽቦ በአንድ የ12 ቮልት አምፑል አልፎ የካንዴላውን ጫፍ እንዲነካ ይደረጋል። አምፑሉ ከበራ የካንዴላው የውስጥ ሽቦ አልተቆረጠም፤ ካልበራ ተቃጥሏል። አራቱም ከበሩ ኤሌክትሪኩ ወደ እነርሱ መድረሱን ማረጋገጥ ቀጣዩ ሥራ ይሆናል።

ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይጠፋ፣ ናፍታ የማይሸት ወፍራም ነጭ ጭስ የራዲያተር ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ሊያመለክት ይችላል። የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሲበላ ወይም ቴስታታው በሙቀት ሲሰነጠቅ ይህ ይሆናል። ማረጋገጫው ውሃው በየቀኑ መጉደሉ፣ የሞተሩ ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ቡና መምሰሉ፣ ወይም ቀዝቃዛው ሞተር የራዲያተሩ ክዳን ተከፍቶ ሲነሣ ውሃው ያለማቋረጥ አረፋ ማውጣቱ ነው። በዚህ ሁኔታ መኪናውን መንዳት ጥፋቱን ያባብሳል።

ጥቁር ጭስ

ጥቁር ጭስ በትክክል ያልተቃጠለ ካርቦን፣ ማለትም ጥቀርሻ ነው። ትርጉሙም ናፍታው ከአየሩ በዛ ማለት ነው። አንድ ኪሎ ግራም ናፍታ በሙሉ እንዲቃጠል 14.5 ኪሎ ግራም ያህል አየር ያስፈልገዋል። ይህ በባሕር ጠረፍ 12 ሜትር ኩብ ገደማ መሆኑ ነው። አንድ ትንሽ የመማሪያ ክፍል ጥግ የሚሞላ አየር ለአንድ ኪሎ ናፍታ ብቻ ይበቃል ማለት ይቻላል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «አየሩን ምን ከለከለው?» መሆን አለበት። በአቧራማ መንገድ የሚሠራ መኪና የአየር ፊልትሮው ቶሎ ይደፈናል። ፊልትሮውን አውጥቶ ወደ ፀሐይ አንሥቶ ማየት ምንም ወጪ የለውም፤ ብርሃን የማያሳልፍ ከሆነ ይለወጣል። ያለ ፊልትሮ መንዳት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ አቧራው ፋሻውንና ሲሊንደሩን እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቃቸዋልና። አየሩ በቂ ሆኖ ጭሱ ካልቀረ ተራው የኖዝሎቹ ነው። ናፍታውን እንደ ጉም በመርጨት ፈንታ የሚያንጠባጥብ ኖዝል ጥቁር ጭስም መንቀጥቀጥም ያመጣል።

ጭሱ የሚወጣበትን ጊዜ መመዝገብም ይጠቅማል። ቆሞ ሳለ የማያጨስ፣ ዳገት ሲወጣ ወይም ከልክ በላይ ሲጫን ብቻ የሚያጠቁር መኪና ኖዝሎቹ ደኅና ሆነው ፓምፑ ብዙ ናፍታ እየሰጠ ሊሆን ይችላል።

ከፍታ የሚያመጣው ለውጥ

እዚህ ላይ የአካባቢያችንን መልክዓ ምድር ማስታወስ ያስፈልጋል። ከምጽዋ ተነሥቶ ወደ አስመራ የሚወጣ መኪና በ115 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ ከባሕር ጠለል ወደ 2,300 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። አዲስ አበባም ከዚህ ጥቂት ከፍ ትላለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ፒስተኑ በአንድ ጉዞ የሚስበው ይዘት ባይለወጥም በውስጡ ያለው ኦክስጅን በአንድ አራተኛ ያህል ይቀንሳል። ፓምፑ ግን በጠረፍ በተለካለት መጠን ናፍታውን መስጠቱን ይቀጥላል። ውጤቱ ጥቁር ጭስና የጉልበት ማነስ ነው። አንዳንድ ፓምፖች ከፍታን አይተው ናፍታውን የሚቀንሱ መሣሪያ አላቸው፤ ሁሉም ግን የላቸውም።

ጉልበት አነሰ ብሎ የፓምፑን ብሎን ማዞርና ናፍታ መጨመር በደጋ አገር የሚሠራ ትልቅ ስሕተት ነው። አየር ሳይጨመር የተጨመረ ናፍታ ወደ ጥቀርሻና ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ ቴስታታም የሚሰነጠቀው አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ባለው ሙቀት ነው።

ከፍታ ሌላም መዘዝ አለው። የሲሊንደሮች የመጨመቅ ኃይል በግፊት መለኪያ ሲለካ ውጤቱ ከፋብሪካው መጽሐፍ ጋር ይነጻጸራል። ነገር ግን በጠረፍ 30 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር በአዲስ አበባ 22 ወይም 23 ባር ቢያሳይ የሚያስደንቅ አይደለም። ይህን የማያስታውስ መካኒክ ጤነኛውን ሞተር «ፋሻ በልቷል» ብሎ ሊያወርደው ይችላል። ስለዚህ ከቁጥሩ ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለውን ልዩነት መመልከት ይሻላል። አራቱም ተቀራራቢ ከሆኑና ሞተሩ ዘይት የማይበላ ከሆነ ለማውረድ መቸኮል አያስፈልግም። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ በብዙ ከወደቀ ግን ጥፋቱ እዚያው ሲሊንደር ውስጥ ነው፤ ቫልቩ በደንብ አይዘጋም፣ ፋሻው ተሰብሯል ወይም ጓርኒሲዮኑ ተበልቷል።

ሰማያዊ ጭስ

ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ለመሆኑ ምልክት ነው። በቅድሚያ የዘይቱ መጠን በመለኪያው ዘንግ ይታይ፤ ከላይኛው ምልክት አልፎ ከሆነ ትርፉ ይቀነስ። ከልክ ያለፈ ዘይት ወደ ሲሊንደር ከገባ የናፍታ ሞተር ዘይቱን እንደ ነዳጅ ቆጥሮ ያለ ቁጥጥር እየፈጠነ ሊሄድ ይችላልና ነገሩ እንደ ቀላል አይታይም።

የዘይቱ መጠን ልክ ከሆነ ጭሱ መቼ እንደሚወጣ እንይ። መኪናው አድሮ ሲነሣ ለጥቂት ጊዜ ቡልቅ ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ዘይቱ የሚወርደው በቫልቮቹ ዘንግ በኩል ነው፤ የቫልቭ ጎሚኒ መለወጥ ሊበቃ ይችላል። ሁልጊዜ የሚጨስ፣ ጭነት ሲበዛ የሚብስ፣ የዘይት መሙያው ክዳን ሲነሣም በኃይል የሚተነፍስ ከሆነ ግን ፋሻውና ሲሊንደሩ መበላታቸው አይቀርም። «ሞተሩ ይውረድ» የሚለው ፍርድ ተገቢ የሚሆንበት አንዱ ሁኔታ ይህ ነው።

ሞተሩ በሚኒሞ ለምን ይንቀጠቀጣል?

ሚኒሞ የምንለው ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሞተሩ በራሱ የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 750 ጊዜ ይዞራል ብንል፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ስለሚያቀጣጥል፣ አንዱ ሲሊንደር በደቂቃ 375 ጊዜ፣ በሰከንድም ከ6 ጊዜ በላይ ያቀጣጥላል። አራቱ በድምሩ በሰከንድ 25 ጊዜ ይገፋሉ ማለት ነው። አንዱ ሲሊንደር ሥራውን ሲያቆም በሰከንድ ስድስት ጊዜ ክፍተት ይፈጠራል። በመሪው ላይ በእጃችን የሚሰማን መንቀጥቀጥ ይህ ክፍተት ነው። በፍጥነት ስንነዳ የማይታወቀው ክፍተቶቹ ስለሚቀራረቡና ከባዱ መዘውር ስለሚሸፍናቸው ነው።

የሚኒሞውን ብሎን አዙሮ ፍጥነቱን ከፍ ማድረግ መንቀጥቀጡን ይሰውራል እንጂ አያድንም። የጭስ መውጫው ድምፅ እኩል ሆኖ ካቢናው ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ የሞተሩ ማረፊያ ጎማዎች ይታዩ፤ ጥፋቱ ከቃጠሎው ላይ ላይሆን ይችላል።

የምርመራው ቅደም ተከተል

ከሁሉ በላይ መጠበቅ ያለበት ሕግ ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ወጪ ከሌለው ወጪ ወዳለው መሄድና በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መለወጥ ነው። ሁለት ነገር በአንድነት ከተለወጠ የትኛው እንዳዳነ አይታወቅም።

1ኛ፦ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ የዘይቱና የውሃው መጠንና መልክ ይታይ፤ የአየር ፊልትሮው ይፈተሽ።

2ኛ፦ ከናፍታ ፊልትሮው ሥር ያለው ማፍሰሻ ተከፍቶ የተጠራቀመው በጠርሙስ ይቀዳ። ውሃ ከናፍታ ስለሚከብድ ከታች ይዘቅጣል። ውሃ ከተገኘ የነዳጅ ታንኩም መታጠብ ያስፈልገዋል። ፊልትሮው ከቆየ ይለወጥ።

3ኛ፦ ቱቦዎቹ አየር ይስቡ እንደሆነ ይጣራ። ንጹሕ ናፍታ የያዘ ጀሪካን ከሞተሩ ከፍ ብሎ ይቀመጥና በሌላ ቱቦ ከፊልትሮው መግቢያ ጋር ይገናኝ፤ አየሩ በእጅ ፓምፑ ወጥቶ ሞተሩ ይነሣ። መንቀጥቀጡ ከቀረ ጥፋቱ ከታንኩ እስከ ፊልትሮው ባለው መሥመር ላይ ነው። በጥቂት ቱቦና ማሰሪያ የሚድን ሕመም መሆኑ ታወቀ ማለት ነው።

4ኛ፦ የማይሠራው ሲሊንደር ይፈለግ። ሞተሩ በሚኒሞ እየዞረ ወደ አንዱ ኖዝል የሚሄደው ቱቦ ማሰሪያ በመፍቻ ግማሽ ዙር ያህል ላላ ተደርጎ ይጠበቅና መልሶ ይጥበቅ። የሚፈሰው ናፍታ በጨርቅ ይያዝ። ማሰሪያው ሲላላ ሞተሩ ይበልጥ ከተንቀጠቀጠ ያ ሲሊንደር ይሠራ ነበር፤ ምንም ለውጥ ካልታየ በሽተኛው ተገኘ። በዚህ መንገድ አራቱም በየተራ ይፈተናሉ።

5ኛ፦ የበሽተኛው ሲሊንደር ኖዝል ከጤነኛው ጋር ይለዋወጥ፤ በአዲስ ሮንዴላም ይገጠም። ሕመሙ ኖዝሉን ተከትሎ ወደ ሌላው ሲሊንደር ከሄደ ጥፋቱ የኖዝሉ ነው። ባለበት ከቀረ የመጨመቅ ኃይሉ ይለካ።

6ኛ፦ ይህ ሁሉ ተደርጎ ምክንያቱ ካልተገኘ ብቻ የናፍታ መርጫው ጊዜና ፓምፑ ራሱ ይመርመሩ። ይህ ልዩ መሣሪያ ያለው ባለሙያ ሥራ ነው። በምሳሌው ሞተር ፓምፑን የሚያዞረው ባለ ጥርስ ቺንጋ ስለሆነ፣ ቺንጋው በቅርቡ ተለውጦ ሕመሙ ከዚያ ወዲህ የጀመረ ከሆነ ምልክቶቹ በትክክል መግጠማቸው ከሁሉ በፊት ይታይ።

ፒክ አፑ የቤንዚን ከሆነ ዘዴው ያው ሆኖ የሚፈተሸው ይለያል። ጥቁር ጭስ ቢታይ የካርቡራተሩ የአየር መዝጊያ ተጣብቆ እንደሆነ፣ መንቀጥቀጥ ቢኖር ካንዴላዎቹና ከካርቡራተሩ በታች አየር የሚስብበት ቀዳዳ ይታያሉ።

ጥንቃቄ

ከኖዝል የሚወጣ ናፍታ ግፊቱ ቆዳ ሰንጥቆ ሊገባ ስለሚችል እጅን ፊት ለፊት ማድረግ እጅግ አደገኛ ነው። እንዲህ ያለ ቁስል ትንሽ ቢመስልም ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ መሄድን ይጠይቃል። ቱቦ ሲላላ መነጽርና ጓንት ይደረግ፤ እሳትና ሲጋራ ይራቅ። የጋለ ራዲያተር አይከፈት። በተዘጋ ቤት ውስጥ ሞተር አይነሣ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍታ ሞተርን ጭስ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች መካከል መድቦታል። ተማሪዎች በተግባር ትምህርት ጊዜ ነፋስ ጭሱን ከእነርሱ በሚያርቅበት በኩል እንዲቆሙ ማድረግ የመምህሩ ኃላፊነት ነው። ቱቦ የማላላቱንም ሥራ መካኒክ ያከናውን፤ ተማሪዎች ይመልከቱ፣ ይመዝግቡ።

በክፍል ውስጥ

የፊዚክስ መምህር የጋዝን መጨመቅና ሙቀት፣ የኬሚስትሪ መምህር ሙሉና ጎዶሎ ቃጠሎን፣ የጂኦግራፊ መምህር ከፍታና የአየር ግፊትን፣ የሒሳብ መምህር ይዘትና ንጽጽርን ከዚህ አንድ ሞተር ሊያስተምር ይችላል። ከሁሉ የሚበልጠው ጥቅም ግን ተማሪው ምልክትን ከምክንያት መለየት መልመዱ ነው። መንቀጥቀጥ ምልክት ነው፤ ጭስም ምልክት ነው። ምክንያቱ እስኪረጋገጥ ድረስ መፍቻ የሚያነሣ ሰው የሌላውን ገንዘብ በግምት ያጠፋል። በሚገባ የመረመረ ግን ሞተሩ ይውረድ ባለ ጊዜ እንኳ ለምን እንደሚወርድ ለባለቤቱ ማስረዳት ይችላል።

መለማመጃ ጥያቄዎች

1. አንድ ሞተር በሚኒሞ በደቂቃ 800 ጊዜ ቢዞር አራቱ ሲሊንደሮች በድምሩ በሰከንድ ስንት ጊዜ ያቀጣጥላሉ?

2. አዲስ አበባ ውስጥ የአራት ሲሊንደሮች የመጨመቅ ኃይል ሲለካ 23፣ 22፣ 14 እና 23 ባር ሆነ። የትኛው ሲሊንደር ይጠረጠራል? ሌሎቹ ሦስቱስ ለምን ጤነኛ ሊባሉ ይችላሉ?

3. አንድ ፒክ አፕ ጠዋት ዓይን የሚያቃጥል ነጭ ጭስ እያጨሰ ይንቀጠቀጣል፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሁለቱም ይጠፋሉ። መጀመሪያ ምን ይመረመራል? በምን መሣሪያ?